ያለጊዜው ጡት የጣለው ልጅ ሐኪም፤ የዶክተር ሲሲሊ ዊሊያምስ ሕይወት

ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ፣ የአባያ ሐይቅን በስተቀኙ ትቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ ላንቴ ይደርሳል። ላንቴ የሙዝ አገር ነው፤ ከዚህና ከአጎራባች ቀበሌዎች የሚሰበሰበው ሙዝ በጭነት መኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ይዘልቃል። በቆሎና ማንጎ ይበቅላል፤ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዓሣ ይወጣል፤ በየደጁም በአካባቢው ሀላኮ የሚባለው ሽፈራው ቆሞ ይታያል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ አንድ ሕፃን በምግብ እጥረት ታመመ ቢባል ለሰሚው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ ከስቶና አጥንቱ ወጥቶ ቢታይ እንኳ ነገሩ ይገባ ይሆናል። ፊቱ ሞልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ አብጦ ሲታይ ግን ወላጅ ልጁ ወፍሯል ብሎ ሊዘናጋ፣ ወይም እብጠቱን ከሌላ ነገር ጋር አያይዞ መድኃኒቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ሊቆይ ይችላል። በዚህ መካከል የሚባክነው ጊዜ የሕፃኑን ሕይወት የሚወስን ነው።

ይህ እብጠት የምግብ ጉዳት ምልክት መሆኑን ለዓለም የሕክምና ሙያ አስረድተው፣ ለበሽታውም እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም የሰጡት ሐኪም ዶክተር ሲሲሊ ዴልፊን ዊሊያምስ ናቸው። በሀገራችን በየጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሕፃኑን ሁለት እግሮች በአውራ ጣት ተጭነው የሚመረምሩበት ምክንያት ከእርሳቸው ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዘመናት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሲሲሊ ዊሊያምስ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የጃማይካ ደሴት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1893 ተወለዱ። አባታቸው በደሴቲቱ የትምህርት ሥራ ኃላፊ ነበሩ። የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሀገር ተላኩ። በ19 ዓመታቸው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሶመርቪል ኮሌጅ የመማር ዕድል ቢያገኙም፣ ደሴቲቱ በመሬት መንቀጥቀጥና በማዕበል ተጎድታ ስለ ነበር ወላጆቻቸውን ለመርዳት ትምህርቱን ትተው ወደ ጃማይካ ተመለሱ። አባታቸው በ1916 ካረፉ በኋላ ነው ወደ ኦክስፎርድ የሄዱት፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 23 ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን ሴት የሕክምና ተማሪ በዩኒቨርሲቲው እምብዛም አትታይም ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ወደ ግንባር ስለ ወሰዳቸው የተከፈተው ቦታ ለእርሳቸውና ለጥቂት ሴቶች በር ሆነላቸው።

በ1923 በሕክምና ተመረቁ። በለንደን በሴቶችና በሕፃናት ሆስፒታሎች ሲሠሩ አንድ ነገር ልባቸው ውስጥ ገባ፤ ሐኪም ሕፃኑ የመጣበትን ቤት፣ የሚበላውንና የሚተኛበትን ሳያውቅ የሕፃኑን በሽታ በሚገባ ሊያውቅ አይችልም የሚል ነበር። ይህ አሳብ በኋላ የሕይወታቸው ሁሉ መመሪያ ሆኗል። የሐሩር አገሮችን ሕክምና ተጨማሪ አጥንተው በ1929 የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና ተመደቡ። የሹመታቸው መጠሪያ ሴት የሕክምና ሹም የሚል ነበር። መጠሪያው ከወንድ ባልደረቦቻቸው ያነሰ ደመወዝ የሚያስከትል በመሆኑ ተቃውመውታል፤ ሥራውን ግን አልተዉትም።

በዋና ከተማዪቱ በአክራ፣ ልዕልት ማሪ ሉዊዝ የሕፃናት ሆስፒታል የሚባል ተቋም ነበር። ዶክተር ሲሲሊ በዚህ ሆስፒታል ሲሠሩ ያደራጁት አሠራር ለዛሬ አንባቢ የታወቀ ይመስላል፤ ለዘመኑ ግን አዲስ ነገር ነበር። ለእያንዳንዱ ሕፃን የክትትል ካርድ እንዲኖረው አደረጉ። ጤነኛ ሕፃናትም ሳይታመሙ በፊት እየመጡ የሚታዩበት ቀን አቋቋሙ። ነርሶችን አሠልጥነው እናቶችን በየቤታቸው እንዲጎበኙ አሰማሩ። የአካባቢውን ባህላዊ ሕክምና በጅምላ ከመናቅ ይልቅ ጠቃሚ የሆነውን ከጎጂው ለመለየት ሞከሩ። ከሁሉም በላይ እናቶችን ጠየቁ፤ የመለሱላቸውንም አዳመጡ።

ከሚያክሟቸው ሕፃናት መካከል አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ብዙዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ከአንድ ዓመት እስከ አራት ዓመት የሚሆናቸው ሲሆኑ፣ እጅና እግራቸው ያብጣል፤ ሆዳቸው ይነፋል፤ ጸጉራቸው ይሳሳል፣ ቀለሙም ይለወጣል፤ ቆዳቸው ይጠቁርና እንደ ተቃጠለ ሆኖ ይላላጣል። ሕፃኑ ነጭናጫ ይሆናል፣ ከዚያም ፈዝዞ ለምንም ነገር ግድ ያጣል፤ የቀረበለትን ምግብም አይፈልግም። ሕክምና ካላገኘ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሞታል። በዚያ የነበሩት ሐኪሞች ብዙዎቹ በሽታውን ፔላግራ ይሉት ነበር፤ ፔላግራ በቆሎ ብቻ በሚበሉ አዋቂዎች ላይ የሚታይ፣ በቫይታሚን እጥረት የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። ዶክተር ሲሲሊ ግን ያዩት ነገር ከፔላግራ ጋር አልገጥም አላቸው። የቆዳው ጉዳት ያለበት ሥፍራ የተለየ ነበር፤ የታማሚዎቹም ዕድሜ የተለየ ነበር።

በሽታውን የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠየቁ። በአክራ አካባቢ በሚነገረው በጋ ቋንቋ ክዋሽዮርኮር እንደሚባል ተነገራቸው። ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሣውን ሕፃን የሚይዝ በሽታ ማለት ነበር። እናቶቹ የበሽታውን መንስኤ በስሙ ውስጥ አስቀምጠውት ኖረዋል። እናት እንደገና ስታረግዝ ወይም ስትወልድ፣ ታላቅየው ጡት ይጥላል። ጡት የጣለው ሕፃን የሚሰጠው ከበቆሎ የሚሠራ ቀጭን ገንፎ ነው። ገንፎው ሆዱን ይሞላል፤ ለሚያድግ አካል የሚያስፈልገውን ግን አይሰጠውም። ሕፃኑ ጠግቦ ይራባል።

ይህን ነገር የጋሞ ዞን አንባቢ በሩቁ የሚሰማው ታሪክ አይደለም። በደጋው በዶርዜና በጨንቻ እንሰት፣ በቆላው በላንቴና በአጎራባቾቿ ሙዝና በቆሎ የቤተ ሰቡ ዋና ምግብ ናቸው። ሦስቱም ኃይል ሰጪዎች ናቸው፤ ሦስቱም ብቻቸውን ሕፃን አያሳድጉም። በአንጻሩ የአካባቢው ሰው በቆሎውን ከሀላኮ ቅጠል ጋር ኩርኩፋ አድርጎ መብላቱ ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ለሕፃኑ ምግብም ሲተርፍ፣ ገንፎው በወተት፣ በእንቁላል፣ በጥራጥሬ ወይም በሚገባ በተፈጨና አጥንቱ በተለየ ዓሣ ሲበለጽግ፣ በአክራ የታየው ዓይነት ጉዳት የሚከሰትበት ዕድል ይቀንሳል።

ወደ አክራ እንመለስ። ዶክተር ሲሲሊ የሞቱትን ሕፃናት አስከሬን እየመረመሩ የጉበታቸውን በስብ መሞላት አስተዋሉ። ሥራው ለመርማሪዋም አደገኛ ነበር። በዘመኑ የጀርም መድኃኒቶች ገና ስላልነበሩ፣ በአንድ ምርመራ ወቅት በደረሰባቸው መቆረጥ ቁስሉ ተመርዞ በጠና ታመሙ፤ ከሞት ለጥቂት ተረፉ። በ1933 የመጀመሪያውን ጽሑፋቸውን አሳተሙ፤ በውስጡም በሽታው ከበቆሎ አመጋገብ ጋር የተያያዘ የሕፃናት የምግብ ጉዳት መሆኑን ገለጹ። ጽሑፉን ሲቃወሙ ለነበሩት ሐኪሞች መልስ የሚሆን ሁለተኛ ጽሑፍ በ1935 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ፤ ክዋሽዮርኮር የሚለው ስም በሕክምና ጽሑፍ ላይ በይፋ የተዋወቀው ያን ጊዜ ነው። ተመሳሳይ ሕመም በሌሎች አገሮች ያዩ፣ በሌላ ስምም የጻፉ ሐኪሞች አልጠፉም። የእርሳቸው ሥራ ግን የተበታተነውን ምልከታ በአንድ ስምና በአንድ ምክንያት ሥር ሰበሰበው።

ተቃውሞው ወዲያው አልበረደም። ከአፍሪካዊት እናት አፍ የተወሰደ ስም በአውሮፓ የሕክምና መጽሔት መቆሙ ራሱ ያልጣማቸው እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው ግን የሥራቸው ትልቁ ክፍል ይህ ይመስላል። በላቲን ወይም በግሪክ አዲስ ስም ሊያወጡለት ይችሉ ነበር። የአገሬውን ስም በመያዛቸው ግን ስሙ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ ይመራዋል፤ ይህ ሕፃን ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ተወልዶበታልን? ጡት የጣለው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ይበላል? ዛሬም በጤና ኬላ የተጎዳ ሕፃን ሲመጣ ባለሙያዋ እናቱን የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው።

በ1936፣ ከበላይ ኃላፊዎቻቸው ጋር በተፈጠረ አለመግባባት፣ ከሰባት ዓመት አገልግሎት በኋላ ከጎልድ ኮስት ተነሥተው ወደ ማላያ፣ ወደ ዛሬዋ ማሌዥያ ተዛወሩ። በዚያ የገጠማቸው ችግር ከፊተኛው የተለየ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነበር። በአክራ ሕፃኑ ጡት የሚጥለው ታናሽ ስለ ተወለደ ነው፤ በማላያና በሲንጋፖር ደግሞ የተጣፈጠ የቆርቆሮ ወተት የሚሸጡ ኩባንያዎች እንደ ነርስ የለበሱ ሴቶችን እየላኩ፣ ገና የወለዱ እናቶች የራሳቸውን ጡት ትተው የኩባንያውን ወተት እንዲሰጡ ይገፋፉ ነበር። ድሀዋ እናት ወተቱን ለማብቃቃት ታቀጥነዋለች፤ ውኃው ንጹሕ አይደለም፤ ጡጦው አይቀቀልም። ሕፃናቱ በተቅማጥና በምግብ እጥረት ይሞቱ ነበር። በ1939 በሲንጋፖር የሮታሪ ክበብ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ለንግግራቸው የሰጡት ርእስ ወተትና ግድያ የሚል ነበር። ባለማወቅም ሆነ በጥቅም ፍለጋ እናቶችን ከጡት ማጥባት የሚያርቅ ሁሉ ለሕፃናቱ ሞት ተጠያቂ መሆኑን በዚያ ጉባኤ ፊት አስረዱ። የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች የሚሸጡበትን ሥርዓት የሚወስነውን ዓለም አቀፍ ደንብ ያጸደቀው በ1981 ነው፤ ከንግግሩ 42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ደረሰ። በታኅሣሥ 1941 የጃፓን ጦር ማላያን ሲወርር ዶክተር ሲሲሊ በሰሜን ምሥራቁ በትሬንጋኑ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ሲንጋፖር ሸሹ። ከተማዪቱ በየካቲት 1942 እጇን ስትሰጥ በቻንጊ እስር ቤት ታጎሩ። በካምፑ የሴቶቹ መሪ ሆነው አገለገሉ። በ1943 ኬምፔታይ የተባለው የጃፓን ወታደራዊ ፖሊስ ለምርመራ ወሰዳቸው፤ ለወራትም በጠባብ የፍርግርግ እስር ከሞት አፋፍ ላሉ እስረኞች ጋር ታስረው ቆዩ። በረሃብና በቤሪቤሪ በሽታ አካላቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ ጉዳቱም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተከትሏቸዋል። ስለምግብ እጥረት ሲጽፉ የኖሩት ሐኪም የምግብ እጥረትን በገዛ አካላቸው አወቁት።

ከዚያ የመከራ ዘመን ደጋግመው የሚያነሡት ግን ስለ ራሳቸው አልነበረም። በካምፑ 20 ሕፃናት ተወለዱ። እናቶቻቸው ራሳቸው የተራቡ ነበሩ፤ ለሕፃናቱ የሚሰጥ ሌላ ወተት አልነበረም። ሁሉም የእናታቸውን ጡት ጠቡ፤ 20ዎቹም ተረፉ። ለዶክተር ሲሲሊ ይህ ቁጥር ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ማስረጃ ነበር። የከሳች እናት ወተቷ አይበቃም፣ ጡት ማጥባት አትችልም የሚለው አስተሳሰብ በሀገራችንም የሚሰማ በመሆኑ፣ ታሪኩ ዛሬም ሊነገር የሚገባው ነው። እርግጥ ነው፣ የምታጠባ እናት ከሌላው ጊዜ የበለጠ መመገብ አለባት፤ ይህም የቤተ ሰቡ ሁሉ ኃላፊነት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ አዲስ በተቋቋመው የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በዚያ ዘመን ክዋሽዮርኮር በአፍሪካ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ የሚያጠና ጉዞ በልዩ ልዩ አገሮች ተካሄደ፤ በ1952 የወጣው ዘገባም በሽታው እስከዚያ ከታወቁት የምግብ እጥረት ሕመሞች ሁሉ እጅግ የከፋውና የተስፋፋው መሆኑን አረጋገጠ። ከ20 ዓመት በፊት ፔላግራ ነው ተብሎ የታለፈው ሕመም ይህ ነበር። ከዚያም በትውልድ ሀገራቸው በጃማይካ በአንድ መርዘኛ ፍሬ ሳቢያ ሕፃናትን ይገድል የነበረውን የትውከት በሽታ አጠኑ፤ ከ1960 እስከ 1964 በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በኋላም በለንደን በቤተ ሰብ ምጣኔ ሥራ አማካሪ ሆነው ሠሩ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከክዋሽዮርኮር የራቀ ቢመስልም አይደለም። በልጆች መካከል በቂ ዕድሜ ካለ ታላቅየው ያለጊዜው ጡት አይጥልም።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ሳይታክቱ የተከራከሩለት ጉዳይ የጤና አገልግሎት አደረጃጀት ነበር። በብዙ አገሮች ሕክምና ለብቻው በሆስፒታል፣ መከላከል ለብቻው በሌላ መሥሪያ ቤት ይሰጥ ነበር። እናት የታመመ ልጇን ይዛ ወደ አንዱ፣ ጤነኛውን ይዛ ወደ ሌላው እንድትሄድ ትገደዳለች። ዶክተር ሲሲሊ ይህን ክፍፍል አጥብቀው ነቀፉ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ባለሙያ እጅ፣ ለእናት ቤት በቀረበ ቦታ እንዲሰጡ ጠየቁ። ትልልቅ ሆስፒታሎችን ገንብቶ መንደሩን መርሳት ሕፃናትን እንደማያድን ደጋግመው አስረዱ። ከዶክተር ዴሪክ ጄሊፍ ጋር በ1972 ያሳተሙት መጽሐፍም የሚያተኩረው በዚሁ አገልግሎቱን ለእናትና ለሕፃን በማድረስ ሥራ ላይ ነው።

ከሳይንሱ ወገን አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። የዶክተር ሲሲሊ ግኝት ከታወቀ በኋላ ብዙ ሊቃውንት በሽታው የፕሮቲን እጥረት ብቻ ነው ብለው ስለ ደመደሙ፣ ለዓመታት ጥረቱ ሁሉ ፕሮቲን ወደ ማምረት አዘነበለ። በ1970ዎቹ ይህ ድምዳሜ በብርቱ ተተቸ። አንድ ዓይነት ምግብ ከሚበሉ ሁለት ሕፃናት አንዱ ሲያብጥ ሌላው የሚከሳበት ምክንያት እስከ ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል። በሌላ በኩል፣ በሽታው ከአመጋገብ ጉድለት ጋር የተያያዘ መሆኑና በጊዜ ከተደረሰበት በምግብ የሚድን መሆኑ አላጠያየቀም። ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ ኩፍኝና ተቅማጥም ሕፃኑን ወደዚህ ጉዳት የሚገፉ ስለሆኑ፣ ክትባትና የአጎበር አጠቃቀም ከምግቡ የማይለዩ ናቸው። እንደ ላንቴ ባለው የወባ ቆላማ አካባቢ ይህ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

በኢትዮጵያ የሕፃናት ምግብ እጥረት በተቋም ደረጃ መጠናት የጀመረው በ1962 የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ሲቋቋም ነው። ክፍሉ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነ ሲሆን፣ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ይገኛል። ብዙ የዛሬ ወላጆች በልጅነታቸው የቀመሱት ፋፋ የዚያ ተቋም ውጤት ነው። የእህልና የጥራጥሬ ዱቄት በወተት ዱቄት ተጠናክሮ የተዘጋጀ፣ ጡት ለሚጥል ሕፃን የታሰበ ምግብ ነበር። በአክራ የተጠየቀው ጥያቄ በአዲስ አበባ በዱቄት መልክ መልስ ተሰጠው ማለት ይቻላል።

ዶክተር ሲሲሊ ዊሊያምስ በ98 ዓመታቸው፣ በሐምሌ 1992 በኦክስፎርድ አረፉ። እስከ እርጅናቸው ድረስ የሚጓዙ፣ የሚያስተምሩ፣ የሚሟገቱ ሴት ነበሩ። ትዳር አልመሠረቱም።

ከሞታቸው ስምንት ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ከጋሞ ዞን ብዙ ሳይርቅ፣ በሀዲያ ዞን በባደዋቾ ወረዳ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በምግብ እጥረት በጽኑ የተጎዳ ሕፃን መታከም የሚችለው ተኝቶ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እናት ሌሎች ልጆቿን፣ ማሳዋንና ገበያዋን ትታ ለሳምንታት ከሕፃኑ ጋር በሕክምና ማእከል መቀመጥ ነበረባት፤ ብዙዎችም ይህን ማድረግ ስለማይችሉ ጭራሽ ሳይመጡ ይቀሩ ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከስኳርና ከቫይታሚንና ማዕድናት የተዘጋጀ፣ ውኃ የማይጨመርበትና ሳይበስል የሚበላ የሕክምና ምግብ ተሠርቶ ነበር። በ2000 መጨረሻና በ2001 መጀመሪያ በባደዋቾ 170 በጽኑ የተጎዱ ሕፃናት ይህን ምግብ በቤታቸው እየወሰዱ ታከሙ። ከነዚህ 144ቱ ዳኑ፤ ሰባቱ ሞቱ፤ የቀሩት ወደ ሌላ ሕክምና የተላኩ ወይም ያቋረጡ ናቸው። ውጤቱ በ2002 በላንሴት ታተመ፤ ክዋሽዮርኮር የሚለው ስም ከ67 ዓመት በፊት በወጣበት በዚያው መጽሔት ማለት ነው። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በቤት ውስጥ የሚሰጠውን ሕክምና በጋራ መግለጫ ደገፉት።

በሀገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ እየተሠራ ሴት የጤና ባለሙያዎች ሲመደቡ፣ ሕክምናው በደረጃ ወደ ጤና ኬላ ወረደ። መከላከልና ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ለእናት ቤት በቀረበ ቦታ የሚለው የዶክተር ሲሲሊ ጥያቄ ላንቴን በመሰሉ ቀበሌዎች መልክ የያዘው በዚህ መንገድ ነው። ሥራው አልቋል ማለት ግን አይደለም። በ2019 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል አላደገም፤ 7 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ የቀጨጩ ነበሩ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት የተገባ የመንግሥት ግዴታ ነው።

በጤና ኬላ አንድ ሕፃን ሲመጣ የሚደረግለት ምርመራ አጭር ነው። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ 59 ወር ከሆነ የክንዱ ዙሪያ በባለ ቀለም ቴፕ ይለካል፤ ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጽኑ የተጎዳ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው ውስጥ ከሆነ በመካከለኛ ደረጃ የተጎዳ ነው። ሁለቱም እግሮች በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ሲለቀቁ ጎድጉዶ የሚቀር ምልክት ከታየ፣ የክንዱ ልኬት ምንም ይሁን ምን፣ ሕፃኑ በጽኑ የተጎዳ ሆኖ ይመዘገባል። ወላጅም ይህን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ሕፃኑ የመብላት ፍላጎት ካለውና ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለበት፣ የሕክምናውን ምግብ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በየሳምንቱም እየቀረበ ይለካል። ምግብ የማይፈልግ፣ የሚያስታውክ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ወይም የፈዘዘ ሕፃን ግን ተኝቶ ወደሚታከምበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይላካል። አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የሕክምናው ምግብ ለታመመው ሕፃን የታዘዘ መድኃኒት በመሆኑ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ አይከፈልም፤ ለገበያም አይወጣም።

አዲስ የተወለደ ሕፃኗን ለክትባት ወደ ጤና ኬላ የምትወስድ እናት፣ በቅርቡ ጡት የጣለውን ታላቅየውንም ይዛ ብትመጣ በዚያው ቀን ይለካል። ታላቅየው አልታመመ ይሆናል፤ እየበላም ይሆናል። ባለሙያዋ ግን ክንዱን ለክታ፣ እግሩን ተጭና፣ ምን እንደሚበላ ትጠይቃለች። እናቲቱ በድጋሚ ከማርገዟ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ለማቆየት ከፈለገችም የቤተ ሰብ ምጣኔ አገልግሎቱን በዚያው ክፍል፣ ከዚያችው ባለሙያ ታገኛለች።